በሚሴን ተራራ ላይ መሸብን

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ያገራችን ተረት ማንም ሳያስገድዳቸው በገዛ እጃቸው ችግር ለሚጠሩ ሰዎች የተነገረ ነው። እኛም ለአጭር ጊዜ ትምህርት ወደ ጃፓን አገር ተልከን ሳለን፣ በኅዳር ወር በአንድ የዕረፍት ቀን ያለ ምንም ዝግጅት የገባንበት የተራራ ጉዞ ከዚህ ተረት ጋራ የተስማማ ሆኖ ስላገኘነው፣ ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን። ታሪኩ የጀግንነት ታሪክ አይደለም። ይልቁንም ሦስት የተማሩ ሰዎች አንዲት ትንሽ ወረቀት ሳያነቡ በመቅረታቸው ምን እንደ ደረሰባቸው የሚናገር ነው።

ሦስት ነበርን። አንደኛው በዕድሜ የሚበልጡን፣ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ ሁላችንም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው፣ እግሩ ፈጣን ምላሱም ፈጣን የሆነ ወጣት ነው። ሦስተኛው የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ያገራችን መሆናቸውን ካልገለጽን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን እንደ ልማዳችን ነው።

ያረፍንበት ከተማ ሂሮሺማ ነው። ይህ ከተማ ኦገስት 6 ቀን 1945 ዓ. ም. የአቶም ቦምብ የወደቀበት፣ እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ድረስ 140000 ያህል ሕዝብ ያለቀበት ነው። ቅዳሜ ዕለት የመታሰቢያውን ቤተ መዘክር ስንመለከት ውለን፣ ማታ ራት ላይ እንኳ እርስ በርሳችን ብዙ ሳንነጋገር ተለያየን። እሑድ ጧት ጋሼ «ዛሬስ የባሕር አየር እንቀበል» ብለው ሐሳብ ስላቀረቡ፣ ሁላችንም ደስ ብሎን ተነሣን። አሳባችን አንድ የታወቀ ቤተ መቅደስ አይተን ከምሳ በኋላ ለመመለስ ብቻ ነበር። ስለ ተራራ ያነሣ ማንም አልነበረም። ጋሼ የለበሱት ሱፍ፣ የተጫሙትም ለቢሮ የሚሆን ቆዳ ጫማ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ደሴቲቱ

ከሂሮሺማ በምድር ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ተጉዘን፣ ከዚያም በማመላለሻ መርከብ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ባሕሩን ተሻግረን ሚያጂማ ከምትባለው ደሴት ደረስን። ሌላው ስሟ ኢትሱኩሺማ ነው። ደሴቲቱ ከጥንት ጀምሮ እንደ ቅዱስ ስፍራ ትቈጠር ስለ ነበር፣ በምድሯ ላይ ልጅ መውለድም ሆነ ሬሳ መቅበር የተከለከለ ነበር። ቤተ መቅደሱም የተሠራው በደረቅ ምድር ላይ ሳይሆን ባሕሩ በሚሞላበትና በሚጐድልበት ዳርቻ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ቤቱ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ዛሬ በሚታየው ስፋት ያሠራው ታይራ ኖ ኪዮሞሪ የተባለው ኀያል መስፍን ሲሆን፣ ዘመኑም 1168 ዓ. ም. እንደ ሆነ ይነገራል።

ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት በባሕሩ ውስጥ «ቶሪ» የሚሉት ታላቅ ቀይ በር ቆሟል። አሁን ያለው በር በ1875 ዓ. ም. የተሠራ፣ ቁመቱ ከ16 ሜትር የሚበልጥ ነው። እኛን ያስደነቀን ቁመቱ ሳይሆን አቋቋሙ ነው። ምሰሶዎቹ በምድር ውስጥ በጥልቀት የተቀበሩ አይደሉም፤ በሩ ማዕበሉንና ነፋሱን ተቋቁሞ የሚቆመው በራሱ ክብደት ነው። ወጣቱ ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እንደ አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ነው» ብሎ ጋሼን አሳቃቸው።

ምሳችንን ዓሣ በልተን፣ የቅጠል ቅርጽ ባለው ኬክ ውስጥ የተከተተውን ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ልቁጥ ቀምሰን፣ በመንገድ ላይ እንደ ፍየል የሚንጐራደዱትን አጋዘኖች ስንመለከት ስምንት ሰዓት ሆነ። ልንመለስ ስንነሣ ነው እንግዲህ ዐይናችን ወደ ላይ የተመለከተው። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ቅጠሉ በቀላና በቢጫ የተለወጠ ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ፤ ከደኑም በላይ ታላላቅ ድንጋዮች የተደረደሩበት አንድ ተራራ ጉብ ብሎ ይታያል። ስሙም ሚሴን ነው።

«ይህስ ኮረብታ ነው»

የተራራው ከፍታ 535 ሜትር መሆኑን በሰሌዳ ላይ ስናነብ ሁላችንም ፈገግ አልን። ወጣቱ «አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ እኛ አልጋችን ላይ ተኝተን እንኳ ከዚህ ተራራ አራት እጥፍ እንበልጣለን፤ ይህስ ኮረብታ ነው» አለ። ያገራችን ደገኛ ሁሉ እንዲህ ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው። ባገራችን ተራራ የሚወጣ ሰው መንገዱን የሚጀምረው ከፍ ካለ ምድር ነው፤ ሚሴን ግን እግሩን ከባሕሩ ውስጥ እንደ ነከረ ቀጥ ብሎ ስለሚነሣ፣ 535ቱ ሜትር አንዱም ሳይቀነስ በሰው ጉልበት ላይ የሚቈጠር ነው።

ደግነቱ ወይም ክፋቱ፣ ኬብል ካር የሚሉት በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሠረገላ ከ1959 ዓ. ም. ጀምሮ በዚህ ተራራ ላይ ይሠራል። ትኬት ቈርጠን ገባን። ትኬቱን የሰጠችን ሴት ከትኬቱ ጋራ አንዲት ትንሽ ወረቀት በሁለት እጇ አቅርባ ሰጠችን። ወረቀቷ በእንግሊዝኛ ጭምር የተጻፈች ስትሆን፣ የመጨረሻው ሠረገላ ከላይ የሚነሣበትን ሰዓት የምትናገር ነበረች። እኛም በአክብሮት ተቀብለን፣ በአክብሮት አጥፈን፣ በአክብሮት ከኪሳችን ከተትናት።

ጉዞው በሁለት ክፍል የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጥቂት ሰው ብቻ በምትይዝ ትንሽ ሠረገላ ከደኑ ጫፍ በላይ እንንሳፈፋለን፤ ቀጥሎ ወደ ሰፊው ሠረገላ ተዛውረን ሸለቆውን እንሻገራለን። ሺሺኢዋ ከሚባለው የመጨረሻው ጣቢያ ስንወርድ ከሰገነቱ ላይ የታየን ባሕር እጅግ ውብ ነበረ። በዚያ አይተን ብንመለስ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈም ነበር። ነገር ግን ከጣቢያው አጠገብ ወደ ተራራው ራስ አንድ ኪሎ ሜትር መሆኑን የሚያመለክት ሰሌዳ ነበረ። አንድ ኪሎ ሜትር! ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ የሚመላለስ ተማሪ ይህን መንገድ ብሎ ይቈጥረዋልን? ጋሼም ሱፋቸውን ቈልፈው «በሉ እንሂድ» አሉ።

መንገዱ ግን አንድ ጊዜ ወርዶ እንደገና የሚወጣ፣ ከዛፍ ሥርና ከድንጋይ ደረጃ ጋራ የሚያታግል ስለሆነ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ጋሼ በየሃያ እርምጃው እየቆሙ ደኑን የሚያደንቁ መስለው ያርፉ ነበር። እኛም ከእርሳቸው ጋራ ደኑን ማድነቃችን አልቀረም።

የማይጠፋው እሳት

ከራሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ ገዳም መሰል ስፍራ አለ። የጃፓን ቡድሂስቶች እጅግ የሚያከብሩት ኩካይ የተባለው መምህር በ806 ዓ. ም. በዚህ ተራራ ላይ ሱባዔ ገብቶ ጸልዮአል ይባላል። በዚያን ጊዜ የለኰሰው እሳት እስከ ዛሬ ሳይጠፋ ይነዳል እየተባለ ይነገራል። እሳቱ በሚነድበት ትንሽ አዳራሽ ገባን። ግድግዳውና ጣሪያው በጢስ ጠቁሯል፤ በመካከሉ አንድ ታላቅ የብረት ጀበና መሰል ማሰሮ ተጥዷል፤ ሰዎችም ከውኃው እየቀዱ ይጠጣሉ። ጢሱ ዐይናችንን ሲያቃጥለው የእናቶቻችንን ማድ ቤት አስታወሰን። አዳራሹ ራሱ በ2005 ዓ. ም. ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው፤ እሳቱ ግን ዛሬም ይነዳል።

በሂሮሺማ ከተማ፣ በመታሰቢያው የአትክልት ስፍራ ውስጥ፣ የአቶም መሣሪያ ከምድር ላይ ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ እንዲነድ በኦገስት 1 ቀን 1964 ዓ. ም. የተለኰሰው የሰላም እሳት፣ ለመለኰሻው ከየስፍራው ከተሰበሰቡት እሳቶች አንዱ ከዚህ ከሚሴን ተራራ የወረደው ነው። ቅዳሜ ዕለት ያየነውን ነበልባል እሑድ ዕለት ከምንጩ አገኘነው ማለት ነው። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ቆሙ። እኛም አልቸኰልንም።

በዚሁ ስፍራ ያገኘነው ሌላው ነገር በተለይ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሚነገር ነው። ኢቶ ሂሮቡሚ በ1885 ዓ. ም. የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነ፣ በ1889 ዓ. ም. የወጣውንም የሜይጂ ሕገ መንግሥት በማዘጋጀት ዋነኛ የነበረ ሰው ነው። ይህ ሰው ሚሴንን እጅግ ይወድ ነበር፤ ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ እንዲስተካከልም በገንዘቡ ረድቷል ይባላል። ሳንኪዶ በተባለው ቤተ ጸሎት ላይ የተሰቀለው ጽሕፈትም የእጁ ሥራ ነው ይላሉ። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ባገራችን አቆጣጠር በሐምሌ ወር 1923 ዓ. ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያዘጋጁ በምሳሌነት የተመለከቱት ያንኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። በዚያው በ1931 ዓ. ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጐብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። እንግዲህ አዲስ አበባ ድረስ ጥላው የደረሰውን ሕገ መንግሥት ያዘጋጀው ሰው፣ ለመንገደኛ እግር የሚሆን የድንጋይ ደረጃም ማሰቡ አስገረመን። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ያን ደረጃ በሌላ ዐይን እንደምናየው ግን አላወቅንም።

ከራሱ ላይ ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር። የሴቶ ባሕር ከነደሴቶቹ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ኦይስተር የሚባለው በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ የሚረባባቸው የእንጨት መደቦች በውኃው ላይ በረድፍ ተደርድረዋል። በስተ ሰሜን የሂሮሺማ ከተማ በጉም ውስጥ ይታያል። ፎቶግራፍ አነሣን፤ ከሻንጣችን ካገር ቤት የመጣ የገብስ ቆሎ አውጥተን ዘገንን፤ ተጫወትን። ሰዓት ያየ ግን ማንም አልነበረም።

ሁለት ሺሕ ደረጃ

ከራሱ ወርደን ወደ እሳቱ አዳራሽ ስንመለስ፣ መነኵሴ የመሰለ አንድ ሰው በር ሲዘጋ አገኘነው። እርሱም እኛን አይቶ የእጅ ሰዓቱን አሳየን፤ ቀጥሎም ሁለት ክንዶቹን አመሳቀለ። ያን ጊዜ ነው ያች ወረቀት ከኪሳችን የወጣችው። የመጨረሻው ሠረገላ ሊነሣ የቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር፤ እስከ ጣቢያው ያለው መንገድ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሰዓቱ ዐሥር ከሩብ ነው። በኅዳር ወር በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ዐሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ነው።

ወጣቱ «እኔ ሮጬ ልድረስና አስቁሜ ልጠብቃችሁ» አለ። አሳቡ ለጊዜው ጥሩ መስሎን ነበር። ጋሼ ግን «ባትደርስስ? አንተ እዚያ፣ እኛ እዚህ፣ ተራራው በመካከላችን ሆኖ ይመሻል። አንድ ላይ መጥተናል፣ አንድ ላይ እንወርዳለን» ሲሉ ከለከሉት። ኋላ ስናስበው በዚያ ቀን ከተናገርነው ቃል ሁሉ ማስተዋል የነበረበት ይህ ብቻ ነበር።

በእግር የሚወርዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። ከነዚህም ዳይሾኢን ወደሚባለው ቤተ መቅደስ የሚያወርደው ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ሁለት ሺሕ ያህል የድንጋይ ደረጃ አለበት። ጨለማ ሲመጣ ከዛፍ ሥር ይልቅ ደረጃ ይሻላል ብለን ይህን መረጥን። የኢቶ ሂሮቡሚ ስም የሚነሣበትም መንገድ እርሱ ነው።

ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን የሚፈትነው ጉልበትን ነው። ደረጃዎቹ ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ እስከ ቅልጥም ይደርሳል፤ የወደቀው ቅጠልም ያንሸራትታል። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ደረጃዎች እየቀለድን ወረድናቸው። ከዚያ በኋላ ቀልዱ አለቀ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባሕሩ እንደ መዳብ ቀላ፤ ታላቁ ቀይ በርም ከሩቅ እንደ ክብሪት እንጨት ታየን። ውበቱን ለማየት ቀና ባልንበት ቅጽበት ጋሼ አዳለጣቸውና በቀኝ ጉልበታቸው ወደቁ።

አጥንት አልተሰበረም፤ ጉልበታቸው ግን ወዲያው አበጠ። ከደረጃው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን አዙረው ዝም አሉ። እንዲህ ያለውን ዝምታ ከትልቅ ሰው ማየት ያስፈራል። የሦስታችንን ስልክ ስንመለከት የሁለቱ ኀይል አልቋል፤ የሦስተኛውም ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ቀኑን ሙሉ ፎቶግራፍ ስናነሣ አባክነነዋል። ውኃችን አልቋል። ብርዱም ከባሕሩ እየተነሣ መጣ።

በዚህ መካከል ወጣቱ ከበታቻችን የመንደሩን መብራት አየ። መብራቱ እጅግ የቀረበ ይመስላል፤ ደረጃው ግን ወዲያና ወዲህ እየዞረ ይርቃል። «በዚህ በደረቁ ወንዝ ውስጥ ቀጥ ብለን ብንወርድ በሩብ ሰዓት እንደርሳለን» አለና መልስ ሳይጠብቅ ገባበት። ሃያ እርምጃ ያህል እንደ ሄደ የድንጋይ መንከባለል ድምፅ ሰማን። ጠራነው፤ አልመለሰም። እንደገና ጠራነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእጁም በጉልበቱም እየዳኸ ወጣ። «ከፊት ለፊት ምድር የለም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እስከ መንደሩም ድረስ ከመካከላችን አልወጣም።

ኋላ እንዳነበብነው፣ በጃፓን አገር በ2023 ዓ. ም. ብቻ ከ3500 የሚበልጡ ሰዎች በተራራ ላይ አደጋ ደርሶባቸዋል፤ ከሁሉም የበዛው ምክንያት መንገድ መሳት ነው። አገሩ ሦስት አራተኛው ተራራማ ነው፤ በያመቱ ኦገስት 11 ቀንም ከ2016 ዓ. ም. ጀምሮ የተራራ ቀን ተብሎ ይከበራል። ተራራን እንዲህ በሚያውቅና በሚወድ ሕዝብ መካከል ይህን ያህል ሰው ከተቸገረ፣ «ይህስ ኮረብታ ነው» ብሎ የወጣ እንግዳ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

የገብሱ ሻይ

ጋሼን በሁለት ወገን ደግፈን አንድ ደረጃ፣ ከዚያም አንድ ደረጃ እያልን ስንወርድ፣ ከበላያችን መብራት ታየ። አንድ ሽማግሌ በግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው፣ በእጃቸው ምርኵዝ ይዘው፣ እንደ ፍየል እየረገጡ ወረዱ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ሳያልፍ አይቀርም። የጋሼን ጉልበት አዩ፤ ጫማቸውንም አዩ። አልሳቁም፤ አልተቈጡም። ምርኵዛቸውን ለጋሼ ሰጡ፤ ከጀርባቸው ካወረዱት ሻንጣ ቴርሞስ አውጥተው በክዳኑ ቀድተው አጠጧቸው።

ጋሼ አንድ ጊዜ ጠጥተው ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «ይህ እኮ ቆሎ ነው!» አሉ። እኛም ቀመስነው። ጃፓኖች ገብስ ቈልተው በውኃ አፍልተው እንደ ሻይ ይጠጣሉ፤ ሽታውም ጣዕሙም ከምጣድ የወረደ የገብስ ቆሎ ነው። ወዲያው ከሻንጣችን የተረፈንን ቆሎ አውጥተን በእጃቸው አፈሰስንላቸው። አንዷን ፍሬ ቈርጠም አደረጉ፤ አሰቡ፤ ከዚያም ወደ ቴርሞሱ እያመለከቱ ሳቁ።

በጥቂት እንግሊዝኛ «ከየት ናችሁ?» አሉን። «ኢትዮጵያ» አልን። ሽማግሌው ቆሙና «አበበ» አሉ። ቀጥለውም በ1964 ዓ. ም. ልጅ ሳሉ የቶክዮን ማራቶን በቴሌቪዥን እንዳዩ በምልክትም በቃልም ነገሩን። አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፎ፣ ሁለተኛ ጊዜ የኦሊምፒክ የማራቶን ባለ ድል ከሆነ በኋላ፣ ሌሎቹ ሲወድቁና ሲደገፉ እርሱ በሣሩ ላይ የሰውነት ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ መሥራቱን ሽማግሌው በጨለማው ውስጥ እጃቸውን እያወናጨፉ አሳዩን። በዚያው ዓመት ነው ከዚህ ተራራ የወረደው እሳት በሂሮሺማ የተለኰሰው። እኛ የአበበ አገር ልጆች ግን በዚያ ሰዓት በሰው ተደግፈን እንወርድ ነበር። ጋሼ ባማርኛ «አበበ ይህን አላየ» ብለው አጕረመረሙ።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው አሰላለፋችንን ለወጡት። ስልካችንን አጥፍተን ለክፉ ቀን እንድናስቀምጠው አደረጉ። ወጣቱን ከፊት፣ ጋሼን ከመካከል፣ እኛን ከጐናቸው አድርገው፣ እርሳቸው ከኋላ ሆኑ። መብራቱን የያዘው ሰው ከፊት መሄድ የሚገባው ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከፊት ያለ መብራት ለያዘው ብቻ ያበራል፤ እርሳቸው ከኋላና ከፍ ካለ ደረጃ ሆነው ግንባራቸውን ዝቅ ባደረጉ ጊዜ የሦስታችንም እግር የሚረግጠው ድንጋይ በራ። የራሳቸውን እግር የሚያስቀምጡበትን ግን በልማድ ካልሆነ አያዩትም ነበር።

አንድ ስፍራ ላይ ቆመው በሸለቆው ውስጥ የሚታየውን የድንጋይ ግድብ አመለከቱንና «2005» አሉ። በዚያ ዓመት በመስከረም ወር በመጣው ማዕበል ምክንያት ይህ ሸለቆ ጭቃና ድንጋይ ሆኖ ወርዶ ነበር። ወጣቱ ጓደኛችን አቋራጭ ብሎ ሊወርድበት የነበረው ደረቅ ወንዝ እንዲህ ያለ ወንዝ ነው።

ከመንደሩ ስንደርስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሽማግሌው እስከ አንድ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ወስደው ከባለቤቲቱ ጋራ ተነጋገሩልን። ገንዘብ ልንሰጣቸው ስንሞክር ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ የቀረውን ቆሎ ስንሰጣቸው ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሉን። ከወገባቸው ጐንበስ ብለው እጅ ነሡና ሄዱ። ስማቸውን ሳንጠይቅ መቅረታችን እስካሁን ይቈጨናል።

በማግሥቱ

ጋሼ በማረፊያው ተኝተው ጉልበታቸውን በበረዶ ሲያስይዙ፣ እኛ ሁለታችን ሞሚጂዳኒ ወደሚባለው ወደ ጐረቤቱ ሸለቆ ወጣን። ውብ የአትክልት ስፍራ ነው። ወንዙ በታላላቅ ድንጋዮች መካከል ይወርዳል፤ ቀይ ቅጠል በውኃው ላይ ይረግፋል። ሰው እጅ የነካው አይመስልም። ነገሩን ከጠየቅን በኋላ ግን ሁሉም የሰው እጅ ሥራ መሆኑን ተረዳን።

በ1945 ዓ. ም. መስከረም ወር፣ ሂሮሺማ በቦምብ ከጠፋች አንድ ወር ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ታላቅ ማዕበል መጥቶ በሂሮሺማ አውራጃ ከ2000 የሚበልጥ ሰው ፈጅቷል። የሚሴን ተራራ ድንጋይ ግራናይት ነው፤ ግራናይት ከብዙ ዘመን በኋላ እየፈረሰ ሻካራ አሸዋ ይሆናል፤ ከባድ ዝናብ ሲወርድበትም ድንጋዩንና ዛፉን ጠራርጎ ይወርዳል። በዚያን ጊዜም ከሞሚጂዳኒ የወረደው ናዳ ከባሕሩ ዳር ያለውን ቤተ መቅደስ በአሸዋ ሞላው።

አገሩ በጦርነት ተሸንፎ፣ ሕዝቡ ተርቦ፣ በሌላ መንግሥት ጦር ተይዞ ሳለ፣ ከ1948 እስከ 1950 ዓ. ም. ይህ ሸለቆ እንደገና ተሠራ። መሐንዲሶቹና አትክልተኞቹ ለራሳቸው ያወጡት ደንብ የሚያስደንቅ ነው። ታላላቁን ድንጋይ አትስበሩ፤ ዛፍ አትቍረጡ፤ ከሌላ ስፍራ ድንጋይ አታምጡ፤ ሲሚንቶው ለዐይን አይታይ። ናዳው ያወረደውን ድንጋይ ራሱን መልሰው ናዳውን የሚያግድ ግድብ አደረጉት። ይህ ሥራ በ2020 ዓ. ም. በአገሩ ከከበሩት የቅርስ ሥራዎች ጋራ ተመዘገበ። ብዙው ጐብኚ ግን ፎቶግራፉን አንሥቶ ሲያልፍ ግድብ ላይ መቆሙን እንኳ አያውቅም።

ወጣቱ ጓደኛችን ከአንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ አሰበ። በመጨረሻ «እኔ በሥራዬ ስሜ በሰሌዳ ላይ እንዲጻፍ ነበር የምመኘው» አለ። እኛም መልስ አልሰጠነውም፤ መልሱን ከተቀመጠበት ድንጋይ አግኝቶታልና።

ወደ ማረፊያው ስንመለስ ጋሼ ያችን የኬብል ካር ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በመነጽራቸው ከዳር እስከ ዳር ሲያነቡ አገኘናቸው። «አሁን ምን ያደርግልዎታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «በሁለት እጅ የተሰጠ ነገር በሁለት ዐይን መነበብ ነበረበት» አሉን። ወረቀቷ ዛሬ ባዲስ አበባ በመሥሪያ ቤታቸው ጠረጴዛ፣ ከመስተዋቱ ሥር ትገኛለች። ባለ ጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ሲገባ ጋሼ አስቀድመው ወደ እርሷ፣ ቀጥለውም ወደ ማመልከቻው ይመለከታሉ።